የዲያሊሲስ ታማሚ የቤት ምግብ፦ ጨው፣ ውሃ፣ ፖታሺየምና ፎስፈረስ በእኛ ወጥ ቤት እንዴት ይመጠናሉ?

ዲያሊሲስ (በማሽን የሚደረግ የደም እጥበት) የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ለውዝ፣ ጨው። ዝርዝሩ ልክ ነው። የሚጎድለው ምን ያህል፣ እንዴት ተሠርቶ፣ በየትኛው ቀን የሚለው ነው። አስታማሚዎችም ስህተት እንዳይሠሩ ይፈሩና ሁሉንም አንስተው ነጭ ሩዝና ዳቦ ብቻ ያቀርባሉ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ፖታሺየሙ ጥሩ ይሆናል፤ ታማሚው ግን ጡንቻው ይሟሟል፣ አልቡሚኑ (በደም ውስጥ ያለው ዋና ፕሮቲን) ይወርዳል፣ ማሽን ላይ ደም ግፊቱ እየወደቀ ይቸገራል። በዲያሊሲስ ላይ ያለን ሰው በቂ አለመብላትም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ እዚህ ትኩረታችን የሚበላው ላይ ነው።

መመሪያው በማሽን ደማቸውን ለሚያሳጥቡ አዋቂዎች ነው። ኩላሊታቸው ተዳክሞ ገና ዲያሊሲስ ያልጀመሩ ሰዎች የፕሮቲኑን ክፍል አይጠቀሙበት፤ ለእነሱ ሐኪም ፕሮቲን እንዲቀንሱ ሊያዝ ይችላል፣ እጥበት የጀመረ ሰው ግን መጨመር አለበት። በአንድ ቤት ሁለት የኩላሊት ሕሙማን ካሉ ይህ በቀላሉ ይምታታል።

መጀመሪያ፦ አምስት ቁጥሮች ይጻፉ

ወጥ ቤት ከመግባትዎ በፊት ከዲያሊሲስ ማዕከሉ እነዚህን ጠይቀው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉ።

1. ደረቅ ክብደት፦ ትርፍ ውሃው ሁሉ ከወጣ በኋላ ታማሚው የሚመዝነው። ለምሳሌ 60 ኪሎ።
2. በ24 ሰዓት የሚሸናው መጠን። አንድ ሙሉ ቀን የሸናውን ሁሉ በመለኪያ ጆግ አጠራቅሞ መለካት ነው።
3. ከእጥበት በፊት የተለካ ፖታሺየም። ከ5.5 ሚሊ ሞል በሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል።
4. ፎስፈረስ። ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር።
5. አልቡሚን። ወደ 4 ግራም በዴሲ ሊትር የቀረበ ቢሆን ጥሩ ነው።

በብዙ ማዕከላት የሚሰጠው የቀን ጣሪያ ፖታሺየም ከ2000 እስከ 2500 ሚሊ ግራም፣ ፎስፈረስ ከ800 እስከ 1000 ሚሊ ግራም፣ ጨው ከ5 ግራም በታች ነው። ፕሮቲን በአንጻሩ ሊደረስበት የሚገባ መጠን አለው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም። ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም በቀን ማለት ነው። የእርስዎ ሐኪም ሌላ ቁጥር ከሰጠ የሚያዘው እሱ ነው።

ጨው፦ ድስቱ አንድ፣ ማጣፈጫው ሁለት

ከጨው የምንጀምረው ውሃ የሚያስጠጣው እሱ ስለሆነ ነው። ሰውነት 9 ግራም ጨው ከገባበት ያንን ለማቅጠን ወደ አንድ ሊትር ውሃ ይይዛል፤ በሆስፒታል በደም ስር የሚሰጠው ግሉኮስ የሌለበት የጨው ፈሳሽም (ኖርማል ሳላይን) የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። ኩላሊቱ ያንን ውሃ ማስወጣት ስለማይችል ጨው የበላን ሰው «አትጠጣ» ማለት አይሠራም። ጥማቱ ያሸንፈዋል።

ለታማሚው የተለየ ወጥ መሥራት አያስፈልግም። የቤተሰቡን ወጥ ያለ ጨው ይሥሩ፤ ሲበስል የታማሚውን ድርሻ በትንሽ ድስት ያውጡ፤ የቀረውን እንደ ወትሮው ያጣፍጡ። የታማሚውን ጨው ጠዋት በሻይ ማንኪያ ይለኩት። ያልተከመረ ግማሽ የሻይ ማንኪያ (ወደ 3 ግራም ገደማ) በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጥና የዕለቱ ሁሉ ጨው ከዚያ ብቻ ይውጣ። ቀሪው ጨው በዳቦና በሌሎች ምግቦች ውስጥ ተደብቆ ይገባል።

ተደብቆ የሚገባባቸው ቦታዎች፦ በርበሬና ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል። ስለዚህ በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት ለታማሚው አንድ ኪሎ ያለ ጨው ይለዩለት። ሚጥን ሽሮም እንዲሁ ነው። የሾርባ ኪዩብ፣ የታሸገ ሾርባ፣ የታሸገ ዓሣ፣ የገበያ አይብ፣ ቺፕስ፣ የወይራ ፍሬ ከቤት ይውጡ። እንጀራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጨው ስለሚጋገር ከዳቦ ይሻላል።

ጣዕሙ በሌላ ይመጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቃሪያ፣ ሲወርድ ጠብ የሚደረግ ሎሚ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡ ሁሉ አልጫ ይመስላል፤ ምላስ ግን በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላል።

አንድ ነገር በፍጹም አይግዙ፦ «የጨው ምትክ» ወይም «ዝቅተኛ ሶዲየም ጨው» ተብሎ የሚሸጠውን። አብዛኛው የሚሠራው ከፖታሺየም ክሎራይድ ነው። ለደም ግፊት ታማሚ ሊመከር ይችላል፤ ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ግን ልብ ሊያቆም ይችላል።

ፖታሺየም፦ የሚቀቀልበትን ውሃ ይድፉት

ፖታሺየም በውሃ ይሟሟል። የዚህ ክፍል ምስጢር ሁሉ ይህ ነው። ምግቡ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ፖታሺየሙ አብሮ ይሄዳል፤ ውሃው ወጥ ውስጥ ከቀረ ግን ሁሉም ሳህን ላይ ይደርሳል። የተከለከለ ምግብ ሁሉ ለዘላለም የተከለከለ እንዳልሆነ ሰዎች የሚረዱት ይህንን ሲያውቁ ነው።

ለድንች፣ ለካሮት፣ ለቀይ ሥርና ለዱባ አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ይላጡና ግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውፍረት ይክተፉ። ሙሉውን የተቀቀለ ድንች ፖታሺየሙን ውስጡ ይዞ ይቀራል።
2. ለአንድ እጅ ድንች አሥር እጅ ውሃ አድርገው ይጣዱ። ሲፈላ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩና ውሃውን ይድፉ።
3. አዲስ ሙቅ ውሃ ይጨምሩበትና እስኪበስል ይቀቅሉ። ይህንንም ይድፉ።
4. ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ቁሌቱ ይጨምሩ።

ይህ ሁለት ጊዜ መቀቀል ከድንች ፖታሺየም ግማሽ ያህሉን ያወጣል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ የሚሠራው ሙቀቱና የውሃው ብዛት ነው። ግማሹ ደግሞ እዚያው እንዳለ አይርሱ፤ እንዲህ የተሠራ ድንች በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜም ከግማሽ የውሃ ብርጭቆ ያልበለጠ ይሁን።

የአበሻ ጎመን ከጥንቱም ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ ነው የሚሠራው፤ ያንን ልማድ ይያዙ፣ ጭማቂውን ብቻ «ቫይታሚን አለው» ብለው መልሰው አይጨምሩ። ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ፣ ኪያር፣ ቃሪያ ከመጀመሪያውም ፖታሺየማቸው አነስ ያለ ስለሆነ የሳምንቱ መደበኛ አትክልት እነዚህ ይሁኑ።

ወደ ሽሮ ስንመጣ ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ቤት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ክክና ምስር ፍሬ ስለሆኑ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው፣ ውሃቸው ተደፍቶ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅለው፣ ያም ተደፍቶ ወደ ቁሌት መግባት ይችላሉ። ሽሮ ግን ዱቄት ነው። የሚፈላበት ውሃ ራሱ ወጡ ስለሆነ የሚደፋ ነገር የለም፤ በአተርና በሽምብራው ውስጥ ያለው ፖታሺየምና ፎስፈረስ ሙሉውን ይበላል። ስለዚህ የጥራጥሬ አምሮት ያለበት ሰው ከሽሮ ይልቅ በዚህ መንገድ የተሠራ የአተር ክክ አልጫ ይብላ፤ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ የበሰለ ክክ ለአንድ ማዕድ ይበቃል። ሽሮ ካልቀረ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ የዕለቱ ብቸኛ ጥራጥሬ ሆኖ።

ለቁሌት ቲማቲም ይቅር። አንድ መካከለኛ ቲማቲም ወደ 300 ሚሊ ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ደግሞ 160 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሺየም አለው። በርበሬም ፖታሺየም አለው፤ ለአንድ ሰው ድርሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያልገባበት በርበሬ ግን ወደ 50 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሚሆን ቀይ ወጥ ጨርሶ አይከለከልም። በሌሎቹ ቀናት እርድ ያለበት አልጫ ይሻላል።

ሥጋውንም እንዲሁ ያድርጉ። በትንንሹ ተከትፎ አንድ ጊዜ በውሃ ይንፈር፣ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ ይቁላላ። መረቅ ለበሽተኛ ብርታት ይሰጣል የሚለው ልማድ እዚህ ይጎዳል፤ ከሥጋው የወጣው ፖታሺየምና ፎስፈረስ መረቁ ውስጥ ነው ያለው፣ በዚያ ላይ ፈሳሽ ነው።

ፍራፍሬ በቀን አንድ ወይም ሁለት ድርሻ፦ አንድ ትንሽ ፖም፣ ወይም ሁለት ቁራጭ አናናስ፣ ወይም አንድ እፍኝ ወይን። አንድ መካከለኛ ሙዝ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሺየም አለው። ጁስ ቤት የሚሠራው ስፕሪስና የአቮካዶ ጁስ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ 200 ግራም የሚሆን የአቮካዶ ሥጋ ብቻውን ወደ 1000 ሚሊ ግራም ያስገባል፣ የቀኑ ድርሻ ግማሽ መሆኑ ነው። ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ቴምርና ሌላውም የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ የሽምብራ ቆሎ በዚሁ ረድፍ ናቸው። የሽፈራው ዱቄትና «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ቅጠል አይወሰድ፤ የደረቀ ቅጠል ፖታሺየሙ የታመቀ ነው፣ አንዳንዱም ራሱ የቀረውን ኩላሊት ይመርዛል።

እንጀራው

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሺየም፣ በዚያው ልክም ፎስፈረስ አለው። ነጭ ሩዝ በሁለቱም ሩቡን ያህል ነው። ስለዚህ ለታማሚው የሚቦካው ሊጥ ከጤፍ ሲሶውን ወይም ግማሹን በሩዝ ዱቄት ቢተካ እንጀራ ሳይቀርበት ጭነቱ ይቀንሳል። ሩዙ ከግማሽ ካለፈ እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ይጋገር። በዚህ ልክ የተጋገረ አንድ እንጀራ ለቀኑ ይበቃል፣ በሁለት ማዕድ ተከፍሎ። በቀረው ማዕድ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ማካሮኒ ይቀርባል። የስኳር በሽታ ካለ የእነዚህ መጠን ከሐኪሙ ጋር ይስተካከል።

ፕሮቲን፦ ይህ የግድ መሞላት አለበት

በእያንዳንዱ እጥበት ከደሙ ጋር አሚኖ አሲድ እየታጠበ ይሄዳል። ያንን የሚተካው ዕንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣና ቀይ ሥጋ ነው። አንድ ሙሉ ዕንቁላል 6 ግራም፣ የአንድ ዕንቁላል ነጩ ክፍል ብቻ 3.6 ግራም፣ 30 ግራም የበሰለ ዶሮ ወይም ሥጋ ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። የዕንቁላል ፎስፈረስ ከሞላ ጎደል አስኳሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ነጩ ለዲያሊሲስ ታማሚ ከሚገኙት ሁሉ የተሻለ ምግብ ነው፤ ዋጋውም ከሥጋ ይቀላል።

ለ60 ኪሎ ሰው አንድ ቀን ይህን ይመስላል፦

ቁርስ፦ ከአንድ ሙሉ ዕንቁላልና ከሁለት ዕንቁላል ነጭ፣ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የተሠራ ጥብስ፣ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ። ምሳ፦ ግማሽ የጤፍና የሩዝ እንጀራ፣ 90 ግራም ያህል ሥጋ የገባበት አልጫ፣ ጥቅል ጎመን። መክሰስ፦ አንድ ፖም። እራት፦ ቀሪው ግማሽ እንጀራ ወይም አንድ ብርጭቆ የበሰለ ሩዝ፣ 60 ግራም ዶሮ ወይም ዓሣ፣ ፎሶሊያ። ፕሮቲኑ 70 ግራም አካባቢ ይደርሳል። 90 ግራም የበሰለ ሥጋ፣ አጥንቱ ሳይቆጠር፣ ጣቶቹን ሳይጨምር የአንድ መዳፍ ያህል ነው፤ ሚዛን ለሌለው ቤት በዚህ መገመት ይቻላል።

ምግብ የማይገባው ከሆነ በትንሽ በትንሹ አምስት ጊዜ ይስጡት፣ ሩዙና ፓስታው ላይ ዘይት ወይም ጨው የሌለበት ቅቤ ይጨምሩ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ይቅርበት፤ ሰውነቱ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ የቀነሰ ነው።

ፎስፈረስና ከምግብ ጋር የሚወሰደው ኪኒን

ፎስፈረስ ሲበዛ ቆዳ ያሳክካል፣ አጥንት ይሰባበራል፣ ደም ስር ውስጥ ካልሲየም ይጋገራል። ማሽኑ በደንብ ስለማያወጣው ሐኪሞች የሚይዘውን ኪኒን ያዛሉ፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ካልሲየም አሲቴት ወይም ሴቬላመር። እነዚህ የሚሠሩት ሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኙ ብቻ ነው። ከመብላት ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት በባዶ ሆድ የተወሰደ ኪኒን ፎስፈረስ አይይዝም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች እንደተበሉ ይወሰድ፤ ካልሲየም ካርቦኔት የሚታኘክ ከሆነ ይታኘክ፣ ሴቬላመር ግን ሳይታኘክ ይዋጥ። የብረት ኪኒንና አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ከእነዚህ ኪኒኖች ጋር ከተወሰዱ ስለሚያዙ ሰዓታቸው ይለያይ፤ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ከምግብ በኩል ወተት፣ እርጎና አይብ ተደምረው በቀን ከግማሽ ብርጭቆ አይብለጡ። ጥቁሩ ኮላ ፎስፈሪክ አሲድ ስላለበት ይቅር። ሁሉም ፎስፈረስ እኩል አይደለም፤ ከጥራጥሬና ከእህል የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ወደ ደም ይገባል፣ በፋብሪካ ምግብ ውስጥ የሚጨመረው ግን ከ90 በመቶ በላይ ይገባል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ላላችሁ ትልቁ አደጋ ከቤታችን ምግብ ይልቅ የታሸገው ዶሮ፣ የቀዘቀዘው ምግብና ቋሊማው ነው። ማሸጊያው ጀርባ ላይ ካሉት ስሞች ውስጥ ውስጡ «ፎስፌት» (phosphate) የሚል ያለበት ስም ካለ ይመልሱት። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የዲያሊሲስ ማዕከል የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፤ የሚሰጡት ዝርዝር ሽሮም ጤፍም ስለሌለበት፣ አንድ ሳምንት የበሉትን በስሙና በመጠኑ ጽፈው ይውሰዱላቸው።

ውሃ

ስሌቱ፦ በ24 ሰዓት የሚሸናው መጠን፣ ሲደመር ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር። 200 ሚሊ ሊትር የሚሸና ሰው ከ700 እስከ 950 ሚሊ ሊትር ይፈቀድለታል። ምንም የማይሸና ከ500 እስከ 750።

ይህን በግምት መያዝ አይቻልም። ጠዋት የዕለቱን ድርሻ አንድ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ይሙሉት፤ ለምሳሌ 750 ሚሊ ሊትር። ውሃ ሲጠጣ ከዚያ ይጠጣል። ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ እርጎ ሲወስድ ደግሞ የዚያኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋል። ሃይላንዱ ባዶ ሲሆን የዕለቱ ፈሳሽ አለቀ። ኪኒን የሚዋጥበት ውሃም ይቆጠራል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ኪኒኖቹን በምግብ መሐል አንድ ላይ መዋጥ ብዙ ይቆጥባል። ሐብሐብና በረዶ ውሃ ናቸው።

ቡና ለብቻው ቃል ያስፈልገዋል። የቤትዎን ሲኒ ውሃ ሞልተው በመለኪያ ይስፈሩት። ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አቦል፣ ቶናና በረካ ተደምረው 210 ይሆናሉ፤ ከ750 ላይ ከሩብ በላይ ነው። ቡናው ጨርሶ ከሚቀር፣ አቦሉን ብቻ ይጠጣ፣ በቶናውና በበረካው ሰዓት ከጨዋታው ሳይለይ ይቀመጥ። ጨው የሚገባበት ቡና ግን አይሆንም።

ጥማትን ለማስታገስ፦ አፍ በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ የሎሚ ቁራጭ መላስ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ትንሽ ብርጭቆ መጠቀም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ካለ ምንም ቢደረግ ይጠማል፤ መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከል።

መቆጣጠሪያው ሚዛን ነው። በየማለዳው ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘን። አንድ ኪሎ ጭማሪ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በሁለት እጥበቶች መካከል የሚጨምረው ከደረቅ ክብደቱ 4 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 2.4 ኪሎ። አምስት ኪሎ ጨምሮ የመጣን ሰው ማሽኑ በአራት ሰዓት ውስጥ ሲስብበት ግፊቱ ይወድቃል፣ እግሩን ቁርጥማት ይይዘዋል፣ ልቡም ይደክማል።

የሳምንቱ አቆጣጠር

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ሐሙስ የሚታጠብ ሰው ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ይጠብቃል። ፖታሺየምም ውሃም የሚጠራቀሙት በዚያ ረጅም ክፍተት ነው፤ አደጋም የሚበዛው ወደ መጨረሻው ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሁሉ እኩል አይቁጠሩት። ቅዳሜና እሑድ ክክም፣ ድንችም፣ በርበሬም አይኑር፤ ፈሳሹም ከታችኛው መጠን አይለፍ። ድግስና ሠርግ የሚውለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ቀናት ነውና፣ ታማሚው ቤት በልቶ ይሂድ።

«ዛሬ ስለምታጠብ ያሻኝን ልብላ» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። በእጥበት ላይ የተበላ ሙዝ ወደ ደም የሚገባው በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ከፊሉ ማሽኑ ከተነቀለ በኋላ ይደርሳል። ማሽን ላይ ሆኖ ጠግቦ መብላትም ደም ወደ ሆድ እንዲሄድ ስለሚያደርግ ግፊት ይጥላል። ማዕከሉ ከፈቀደ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ የዕንቁላል ሳንዱች በቂ ነው።

ጾምና በዓል

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮና ምስር ብቻ የሚበላ የዲያሊሲስ ታማሚ ፖታሺየሙ ከፍ ይላል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል። እስከ ከሰዓት ምንም ሳይበሉ መቆየትም ለብቻው ፖታሺየም ከሴሎች ወደ ደም እንዲወጣ ያደርጋል፤ ይህን ብዙዎች አያውቁትም። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ታዝናለች፤ የሐኪሙን ማስረጃ ይዘው ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። በእስልምናም ቁርኣን ለታመመ ሰው ከጾም ፈቃድ ሰጥቷል። በረመዳን የሚጾም ካለ ግን ከሐኪም ጋር ተማክሮ ይሁን፤ በኢፍጣር ሰዓት ቴምሩ ከአንድ አይብለጥ፣ ሾርባውም ከፈሳሹ ድርሻ ይቆጠር።

የበዓል ዶሮ ወጥ ይበላል። ጨው ሳይገባ የወጣለት አንድ ብልት ከአንድ ዕንቁላል ጋር፣ ቁሌቱ በሁለት የሾርባ ማንኪያ። ጠላና ጠጅ ፈሳሽ ስለሆኑ ከሃይላንዱ ላይ ይቀነሳሉ፣ ከብዙ መድኃኒቶችም ጋር አይስማሙም።

ጠያቂዎችን አስቀድመው ያሳውቁ። ለበሽተኛ የሚመጣው ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጁስና ወተት ነው፤ በፍቅር የመጣ ነገር መመለስ ይከብዳል፣ ታማሚውም ይግደረደራል። «ዕንቁላል ወይም ፖም ብታመጡ ደስ ይለዋል» ብሎ በስልክ መናገር ነውር የለበትም።

ውጤቱ ሲበላሽ

ምግቡ ሳይቀየር ፖታሺየም ከፍ ካለ እነዚህን ይፈትሹ፦ የሆድ ድርቀት (ኩላሊት ሲደክም የፖታሺየም አንዱ መውጫ ሰገራ ነው)፣ የታለፈ ወይም ያጠረ እጥበት፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ አዲስ የተጀመረ የደም ግፊት መድኃኒት። ናሙናው ሲወሰድ ደሙ ከተበላሸም ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል፤ ያኔ ይደገማል። ስኳር ሲወርድበት ብርቱካን ጁስ አይስጡት፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ ይበቃል።

ፖታሺየም ከ6 በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ማዕከሉ ይደወላል። ከ6.5 በላይ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ባይታወቅም ታማሚው እግሩ ከከዳው፣ ልቡ ያለአግባብ ከመታ፣ ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ዲያሊሲስ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። በሩ ላይ መጀመሪያ የሚነገረው «የዲያሊሲስ ታማሚ ነው፣ መጨረሻ የታጠበው በዚህ ቀን ነው» የሚለው ይሁን፤ ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ይህ መታወቅ አለበት። ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ በቀዶ ሕክምና የተዘጋጀው ደም ስር) ባለበት እጅ ላይም መርፌም የግፊት መለኪያም አያስደርጉ።